የጨለሜ ጠበቃ

በየከተማው አንድ አስታራቂ አለ። ማንም አልመረጠውም፣ ማንም አልላከውም፤ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ግን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መሀላቸው ቆሞ ይገኛል። ጠበኞቹ ገና እጅጌ ሲሰበስቡ እሱ የእርቁን ቀን ቆርጦ ጨርሷል። ያለ እሱ የሚጣላ ሰው በደንብ የተጣላ አይመስለውም።

አርባ ምንጭ በዚህ በኩል አልተበደለችም። የላይኛው ሰፈር የሴቻ፣ የታችኛው የሲቀላና የመካከላቸው አቀበት ባለሙሉ ሥልጣን አስታራቂ ክቡር አቶ ኤርጫፎ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ክር ታስረው፣ አንድ መደርደሪያ ላይ አብረው አቧራ ሲጠጡ አይተዋልና፣ ሰው መጨረሻው እንዲህ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ይጣላል ባይ ናቸው።

ከሴቻ የሚወርድ ሚኒባስና ሽቅብ የሚወጣ ባጃጅ የተላተሙ ዕለት ትራፊክ ፖሊሱ ሜትሩን ይዞ ሲደርስ፣ ሾፌሮቹ ተቃቅፈው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ሊያነሳ ተስማምተው አገኛቸው። ፖሊሱም በአለቃው ላይ ቅሬታ ነበረውና እግረ መንገዱን ለጋሽ ኤርጫፎ አስመዘገበ። አባያ ዳር ደግሞ ሁለት ዓሣ አጥማጆች አዞ በቀደደው መረብ ሲወቃቀሱ፣ ክቡርነታቸው ሁለቱን ካስማሙ በኋላ ወደ ሐይቁ ዞረው፣ አዞውም ቢሆን ቤቱ ነው፣ እሱን ማን ጠየቀው አሉ ይባላል። ይህን የሚያወሩት ዓሣ አጥማጆች ስለሆኑ ግማሹን ብቻ ማመን ነው።

ሃና ግን ጋሽ ኤርጫፎን በደንብ ያወቀቻቸው በጨለሜ ጉዳይ ነው።

ሃና ሲቀላ ውስጥ ጁስ ቤት አላት። በ2005 ክረምት ዳግም የሚባል፣ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ተምሮ፣ ተመርቆም ሥራ እየፈለገ እዚሁ የቀረ ልጅ በፍላሽ አንድ ተከታታይ ፊልም ያመጣላት ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሪሲቨሩ ላይ ይሰካዋል፤ ፊልሙ እንግሊዝኛ ነውና ራሱ ቆሞ ይተረጉማል። አንድ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና አለ፤ ደንበኛው «ባለ ካባው» አለው። አንድ ደግሞ እጁን ባነሳ ቁጥር የከተማውን መብራት ሁሉ ድርግም የሚያደርግ ክፉ አለ፤ እሱን «ጨለሜ» አሉት። መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት ከተማ የጨለሜን ክፋት ማስረዳት አላስፈለገም።

ጨለሜን የማይጠላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ ከፊት ወንበር ላይ፣ አንድ ብርጭቆ አቮካዶ ይዘው፣ ዳግምን ይቆጣጠሩታል። ባለ ካባው ሲናገር ዳግም ዘርዝሮ ይተረጉማል፤ ጨለሜ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲናገር ግን «አጠፋችኋለሁ እያለ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ጋሽ ኤርጫፎ ይህን አይቀበሉም። ለከሳሽ አንድ ገጽ፣ ለተከሳሽ አንድ መስመር የትኛው አገር ሕግ ነው ብለው ፊልሙን ወደ ኋላ ያስመልሱታል። ተመልካቹ ያጉረመርማል። እሳቸው ደግሞ ያችኑ የዘወትር ቃላቸውን ይደግማሉ።

«ሰው በከንቱ መብራት አያጠፋም። ምን ሆነህ ነው ብሎ የጠየቀው አለ?»

አንድ ነገር ግን አይችሉም፤ ዱላ ማየት አይሆንላቸውም። ባለ ካባውና ጨለሜ ሊያያዙ ሲሉ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ይወጣሉ፣ ውጭ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ድብድቡ ሲያበቃ ተመልሰው ማን እንደተጎዳ ይጠይቃሉ። አንድ ቅዳሜ ዳግም ሊያበሽቃቸው፣ ጋሼ ለምን እንደ ጋሞ አስታራቂ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዘው መሀላቸው አይገቡም አላቸው። አልተቆጡም። በመጨረሻው ክፍል ይዤ እመጣለሁ አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሃናም አብራ ሳቀች። ወዲያው ግን ዓይኗ ሳታዘው ወደ ማዶ ሄደና ሳቋን ዋጠችው።

ማዶ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ፣ የእህቷ የብርቅዬ ጁስ ቤት ነው። የሃናን ቤት የከፈቱት አንድ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሰው በሞላበት ብርቅዬ የሃናን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስታ አየችና፣ «አንቺ እኮ ውሃ ታበዣለሽ» አለቻት። ቃሉ ይኸው ነው። ሃና መለሰች፣ ብርቅዬ ጨመረች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማዶ አዲስ ጁስ ቤት ተከፈተ። እነሆ ሁለት ዓመት፣ አንዷ የአንዷን ቢላ ማንጎ ሲከትፍ እየሰማች፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳን አልተባባሉም። በሃና ቤት «ማዶ» የሚል ቃል አይነሳም። ጋሽ ኤርጫፎ ሰባት ጊዜ ሽማግሌ ሆነው መጥተው ሰባት ጊዜ ጁስ ብቻ ጠጥተው ተመልሰዋል። ካላቸው መዝገብ ሁሉ ያልተዘጋው ይህ ብቻ ነበር።

እናታቸው እማማ ወሰንየለሽ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጫኖ በምትባል መንደር ነው፤ ማንጎና ሙዙን በአንድ ባጃጅ፣ ለሁለት ቤት፣ በሁለት ኬሻ ይልካሉ። ሁለት መስቀል ልጆቻቸውን በየተራ አስተናገዱ፣ አንዷ ጠዋት፣ አንዷ ከሰዓት። በዚያ ዓመት መስከረም እንደጠባ ግን ከኬሻዎቹ ጋር መልእክት ላኩ። በጋሞ ምድር መስቀል ተኳርፎ አይበላም፤ በአንድ ባጃጅ ካልመጣችሁ ሁለታችሁም እንዳትመጡ። ሃና በዕድሜዋ መስቀልን ከጫኖ ውጭ አሳልፋ አታውቅም። መልእክቱን የሰማች ዕለት ማንጎ እየላጠች አለቀሰች፤ ብትጠየቅ ሽንኩርት ነው የምትልበት ቤት እንኳን አልነበረም።

ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። ወንበር ሞልቶ ሰው በሳጥን ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ኤርጫፎ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ እንዳሉትም በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘው ገቡ። ዳግም ሳሩ ለባለ ካባው ነው ለጨለሜ ብሎ ጠየቃቸው። ለተጣላ ነው ብለው ተቀመጡ።

ፊልሙ ያን ቀን ጉድ አወጣ። ባለ ካባውና ጨለሜ ለካ አብሮ አደጎች ናቸው። ጨለሜ እናቱ የሞተች ቀን ባለ ካባው እየበረረ ሌላ ከተማ ሊያድን ሄዶ ለቅሶ ሳይደርሰው ቀርቷል። ዳግም ይህን ሲተረጉም ድምፁ ራሱ ዝግ አለ። ጋሽ ኤርጫፎ ግን አልተኩራሩም። አሁን ሁለቱ ጣሪያ ላይ ተፋጠጡ፣ ባለ ካባው ክንዱን አነሳ፤ ክቡርነታቸውም እንደ ልማዳቸው ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው፣ ሳራቸውን ይዘው ወጡ።

ክንዱ ሳያርፍ መብራት ጠፋ።

ቤቱ በአንድ አፍ «ጨለሜ» ብሎ ጮኸ። አምስት ደቂቃ ጠበቁ፣ አልመጣም። ዳግም ፍላሹን ነቅሎ ሳያስበው «ማዶ ጄኔሬተር አለ» አለ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዞሮ ሃናን አየ። ሃና መጥረጊያዋን አነሳች። ሂዱና እዩ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ አለች።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ኤርጫፎ ደፉ ላይ ተንበርክከዋል። ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሃና ዘርግተዋል። ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተራምዶ የሚያልፍ ሰው እዚያ አገር አልተወለደም፤ ጎጃሜው ዳግም እንኳን ወደ ኋላ አለ።

«ሰባት ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ዛሬ አልናገርም።»

እውነትም አልተናገሩም። ሃና ሲሚንቶው ላይ ያረፈውን የሰባ ዓመት ጉልበት አየች። የጫኖው ደጅ በዓይኗ መጣ፤ እናቷ ብቻቸውን ተቀምጠው። እልህ ብላ የያዘችው ነገር ሁሉ በዚያች ሰዓት ደከማት። ጎንበስ ብላ አነሳቻቸው፣ ሳሩንም ተቀበለቻቸው።

አስፋልቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እሷ ፊት፣ ጋሽ ኤርጫፎ ጎኗ፣ ሠላሳ ሰው ከኋላ ተሻገሩ። ብርቅዬ ቢላዋን እንደያዘች ከባንኮኒው ኋላ ደርቃ ቀረች። ሳሩን አየች፣ እህቷን አየች።

«ማንጎ ነው አቮካዶ?» አለች በመጨረሻ።

«ማንጎ» አለች ሃና። «ውሃ አታብዢበት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ብርቅዬ ናት። ወዲያው ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች፤ ሃና ባንኮኒውን ዞራ ገባች። እነሱ ሲላቀሱ ዳግም ፍላሹን ሰክቶ ነበር። ባለ ካባው ጨለሜን መታው፣ ከተማው በራ፣ ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ኤርጫፎ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁና «ቃሉ ሳይሰማለት ተመታ» አሉ።

ሃና እንባዋን ጠርጋ ጁሷን ስትጠጣ ነው አንድ ነገር የጎደለ የመሰላት። ድምፅ ነው የጎደለው። የብርቅዬ ጄኔሬተር ሲነሳ ሴቻ ድረስ ይሰማል፤ አሁን ግን ጥግ ላይ በላስቲኩ እንደተሸፈነ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ይሠራል። ማቀዝቀዣውም ይሠራል። ሃና ወደ ጋሽ ኤርጫፎ ዞረች። ክቡርነታቸው ብርቅዬ በሰጠቻቸው ብርጭቆ ውስጥ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ ይመስል አንገታቸውን ደፍተዋል።

ስትመለስ በቀጥታ ከኒም ዛፉ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወዳለው ቆጣሪ ሄደች። ማጥፊያው ወደ ታች ወርዷል፤ በክዳኑ ስንጥቅ አንድ ዘለላ እርጥብ ሳር ተይዞ ቀርቷል። ማጥፊያውን መለሰችው። ሳሩን በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው።

ለማንም አልተናገረችም፤ ለብርቅዬም ቢሆን። በመስቀል ጠዋት ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ጫኖ ሲሄዱ ጋሽ ኤርጫፎ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ነበር፣ ባጃጁ በመንገድ ላይ ቢላተም ብለው።

ዛሬም ሲቀላ ላይ መብራት ድርግም ሲል ሰው ሁሉ ያማርራል። ሃና ግን ወደ በሩ ወጣ ትልና ማን ከማን እንደተጣላ ትጠይቃለች።