ጠጠር በሰፊው ሕዝብ አፈር ውስጥ

በአብዮቱ ዘመን አዋሳ ከተማ ውስጥ ስሙን የማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ለምን እንደተቋቋመ በእርግጠኝነት የሚናገር ሠራተኛ አልነበረውም፤ ዓላማውን ከግብ ለማድረስ ግን ሁሉም ቆርጠው ተነሥተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወልደጻድቅ ይባላሉ። ስማቸው ከጊዜው ጋር አልሄድ ስላለ «ጻድቅ» የሚለው ለጊዜው ተነሥቶ ጓድ ወልዴ ተባሉ።

ጓድ ወልዴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ቀጥሎ የምንተርከው ጥፋት ሁሉ የተፈጸመው በቅን ልቦና ነውና። ንግግር ሲያደርጉ ድምፃቸው ይሰበራል፣ ለምለም ተክል ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ሲገጥሟቸው ደግሞ መመሪያ ያወጣሉ።

ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የችግኝ ጣቢያ ነበር። ኃላፊዋ እታፈራሁ ከእርሻ ኮሌጅ የወጣች፣ ሥራዋን የምትወድ፣ አፏ ግን ለስብሰባ ያልተፈጠረ ሴት ነበረች። የዛፍ ችግኝ ታፈላለች፤ ለአዳራሹ ደጃፍ ደግሞ ሬትና ሌሎች ቅጠላቸው ወፍራም፣ ውኃ በውስጣቸው የሚያጠራቅሙ ተክሎችን በቆርቆሮ ታሳድጋለች። ለሁሉም ጠጠር ትጠቀም ነበር። ከከተማው ዳር የሚዛቀውን፣ በእጅ ሲይዙት ቀለል የሚለውን ነጫጭባ ድንጋይ አስደቅቃ በወንፊት ታስነፋለች፤ ዱቄቱን ጥላ ጠጠሩን ከአፈር ጋር ታዋሕዳለች። ለሬቱ እኩል በእኩል፣ ለችግኙ ቀነስ አድርጋ። ዘር ስትዘራም ላዩን በስሱ ጠጠር ታለብሰዋለች፤ ቡቃያው አንገቱ ላይ ውኃ እንዳያቁርበትና እንዳይበሰብስ። ተክሎቹም ምንም ዓይነት ፖለቲካዊ ትምህርት ሳይሰጣቸው ያድጉ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ከፍተኛ እንግዳ መጥተው የታደሰውን አዳራሽ እንደሚመርቁና ችግኝ እንደሚተክሉ ተነገረ። የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ደምሴ ዝግጅቱን ሊቆጣጠር ወደ ጣቢያው ወረደ። ደምሴ ስለ ተክል የሚያውቀው በሰላጣ መልክ የቀረበለትን ብቻ ቢሆንም ንቃቱ ከፍተኛ ነበር። ጣቱን አንዱ ቆርቆሮ ውስጥ ሰደደና ጥፍሩ ሥር ጠጠር ገባ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ምክንያት ስብሰባ ተጠርቶ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገባ። ደምሴ ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ ረዘም ያለ መግቢያ ካቀረበ በኋላ፣ አንዳንድ ግለሰቦች በሰፊው ሕዝብ አፈር ውስጥ ድንጋይ እየቀላቀሉ መገኘታቸውን አስረዳ። ጓድ ወልዴ እጅግ አዘኑ። ወደ እታፈራሁ ዞረው እንደ አባት ጠየቋት።

«እስቲ አንቺ ንገሪን፤ ተክል ድንጋይ ይበላል?»

«አይበላም ጓድ። ሥሩ እንዲተነፍስ ነው። ውኃው ካላለፈ ሥሩ ይበሰብሳል።»

«ውኃው እንዲያልፍ ነው የምትፈልጊው?» አለ ደምሴ።

«አዎ።»

«ስለዚህ እኛ እናጠጣለን፣ አንቺ ታሳልፊያለሽ።»

ጭብጨባው ረዥም ነበር። ጠጠሩ በሙሉ እንዲወጣ፣ በምትኩ ንጹሕና ለም አፈር እንዲገባ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። አንዱ ድምፅ የጓድ ወልዴ ነበር።

ቅዳሜ ዘመቻ ተጠራ። ሒሳብ ሹሞች፣ ጸሐፊዎችና ዘበኞች ሳይቀሩ ከየቤታቸው ሰፌድ ይዘው መጡና ተደርድረው ተቀምጠው፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው ከአፈሩ ጠጠር ሲለቅሙ ዋሉ። ጓድ ወልዴ ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ለቀሙ። በጠጠሩ ፈንታ ዓሣ ከሚራገፍበት የሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል አጠገብ፣ ጥቁር ጭቃ በጋሪ ተጭኖ መጣ፤ ሲረግጡት ጫማ የሚያስቀር፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣ ዓይን የሚሞላ ጭቃ። ፍግም ተጨመረበት። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የውኃ ተረኛ ተመደበ። የሬቶቹን ተራ ግን ጓድ ወልዴ ለማንም አልሰጡም። ጠዋት ጠዋት ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ «የኔ ልጆች፣ ጠጡ» እያሉ በገዛ እጃቸው ያጠጧቸው ነበር።

ልጆቹም ጠጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የችግኞቹ ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም አንገታቸው ላይ ጠቁረው አንድ በአንድ ተኙ። ሬቶቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ለሰለሱ። ጓድ ወልዴ ይህን ሲያዩ ልባቸው ተነክቶ፣ ጠምቷቸው ነው ብለው ውኃው በእጥፍ እንዲጨመር አዘዙ። እታፈራሁ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አቃታት። ተክሎቹ ጠግበው ነው የሚሞቱት አለች፤ ያውም ጮክ ብላ፣ ተረኞቹ ሁሉ እየሰሙ። ዓመቱ የድርቅ ዓመት ነበር። ጠግቦ የሚሞት አለ ብሎ መናገር ምን ማለት እንደሆነ ለደምሴ ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር። ነገሩ አሻጥር ተባለ፤ ቀድሞ የገባው ጠጠር መርዙን አፈሩ ውስጥ ጥሎ እንደሄደም በውይይት ክበቡ ተደረሰበት። በማግስቱ የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው እታፈራሁን ወሰዷት።

የታሰረችበት ክፍል ከዚያ በፊት የእህል መጋዘን ነበር። መጀመሪያ ላይ ተናደደች፤ ቀጥሎ አብረዋት ከነበሩት አንዷ ተጠርታ ወጥታ ሳትመለስ ስትቀር ፈራች። ባሏ በኃይሉ አስተማሪ ነው። ምሳ ሲያመጣላት ሳህኑን በበሩ ክፍተት እያቀበለ፣ ጥበቃው ፊቱን እስኪያዞር ጠበቀና ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት።

«እታፈራሁ፣ ተሳስቻለሁ በይና ውጪ። ጠጠር ነው፤ አይቀየምሽም።»

ሌሊቱን ስታስበው አደረች። ለእውነት ብሎ መታሰር ያለ ነገር ነው፤ ለጠጠር ብሎ መታሰር ግን ለዘመድ ለማስረዳትም ያስቸግራል። አዳራሽ ተወስዳ ግለ ሂስ አደረገች። ጠጠር ጎጂ፣ ኋላ ቀርና የተክል ጠላት መሆኑን፣ በዚህም መጸጸቷን ተናገረች። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር፤ በዚያውም ተፈታች። ከመቀመጫዋ ስትደርስ ጎኗ የተቀመጠችው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎች አንዷ የሆነችው አስካለ፣ ፊቷን ሳታዞር እጇን ያዝ አደረገችላት።

እንግዳው ሊመጡ ሲቃረቡ ግን የአዳራሹ ደጃፍ ባዶ ነበር። እታፈራሁ በመኖሪያ ቤቷ ግቢ ውስጥ ያማሩ ሬቶች እንዳሏት ሁሉም ያውቃል። ደምሴ ጋሪ ይዞ ሄዶ ለአብዮቱ ጥሪ ነው ብሎ ተክሎቹን ከነቆርቆሯቸው አንሥቶ አመጣ። ምን ውስጥ እንደበቀሉ የጠየቀ አልነበረም፤ ለምለም ናቸው፣ ይበቃል።

እንግዳው መጡ፤ ሐይቅ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ተጋበዙ፤ መረቁ። ከዚያ ሬቶቹ ፊት ቆሙና ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ።

«ጠጠር አለበት» አሉ።

ጓድ ወልዴ ይህ ነቀፌታ ይሁን ምስጋና ከድምፁ ሊለዩት ስላልቻሉ፣ የአንዲት ሠራተኛ የግል ሥራ ነው አሉ፤ ተገምግማለችም ብለው አከሉ።

«ግሩም ነው» አሉ እንግዳው። «እኔ ቤት ያሉት ሁሉ በሰበሱብኝ። ለካ ይሄ ነው የጎደላቸው።»

«በአመራራችን ጥናት የተደረሰበት ነው» አሉ ጓድ ወልዴ ወዲያውኑ።

እንግዳው በሄዱ ማግስት አዲስ መመሪያ ወጣ። ጥቂት ጠጠር ይህን ያህል ካስመሰገነ፣ ብዙ ጠጠር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ጓድ ወልዴ በተሰበረ ድምፅ አብራሩ። ግማሽ እርምጃ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው ተባለ። በሌላ ቅዳሜ ሠራተኛው ሰፌዱን ይዞ ተመልሶ፣ በዚህ ጊዜ ከጠጠሩ ውስጥ አፈር ሲለቅም ዋለ። አዲስ የፈሉት ችግኞች በጥሬ ጠጠር ላይ ቆሙ። ውኃው ከላይ ገብቶ በታች ወጣ፤ የአዋሳ ፀሐይም የቀረውን ሠራች። ሳምንት ሳይሞላ ችግኝ ጣቢያው የጭራሮ ክምር መሰለ።

እንደገና ስብሰባ ተጠራ። እንግዳው ያመሰገኑት ጠጠር ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም፤ አመራርማ ከቶ ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም። ደምሴ ተነሥቶ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠጠርን በአደባባይ ያወገዘ ማን እንደነበር ጉባኤው ያስታውስ አለ። ጉባኤው አስታወሰ። ያጨበጨበበት ነበርና።

እታፈራሁ ተነሣች። ከእስር ከወጣች ጀምሮ በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ፍርሃቷ አልቆ ድካም ብቻ ቀርቷት ነበር።

«ጓዶች፣ ጠጠር ጥሩ ነው ስል ታሰርኩ። መጥፎ ነው ስል አጨበጨባችሁልኝ፤ አሁን በዚያው ትከሱኛላችሁ። ግለ ሂሱን ዛሬም አደርጋለሁ፣ አልቃወምም። የትኛው እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።»

ጓድ ወልዴ ደምሴን አዩት፤ ደምሴ ጣሪያውን አየ። ጥሩ ነው ቢሉ ያሰሯት ሊጠየቁበት ነው፤ መጥፎ ነው ቢሉ እንግዳውን መንቀፍ ነው። ጓድ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጥያቄው የመርህ ጥያቄ ስለሆነ ከላይ መጠየቅ እንዳለበት አስታወቁ። ደምሴ ስልክ ሊደውል ወጣ። ብዙ ቆይቶ ተመለሰና፣ ከላይም ስብሰባ ላይ ናቸው ብሎ ተቀመጠ።

መልሱ እስኪመጣ የእታፈራሁ ጉዳይ በእንጥልጥል እንዲቆይ ተወሰነ። መልሱ አልመጣም። መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ስለ አፈርም ሆነ ስለ ጠጠር ወይም ስለ ውኃ አንዲት ቃል ለመተንፈስ የደፈረ አልተገኘም። ደምሴ ወደ ችግኝ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ማለፍ ተወ። ጓድ ወልዴም የውኃ ማጠጫቸውን ሰቀሉ። እታፈራሁ ጠጠሯን አስነፍታ፣ ከአፈር ጋር እንደ ድሮው ቀላቅላ፣ አዲስ ዘር ዘራች። ክረምቱ ሲወጣ ጣቢያው ዓይን በሚስብ ልምላሜ ተሸፈነ፤ መሥሪያ ቤቱም በከተማው አንደኛ ተብሎ ጓድ ወልዴ ስለ ጠንካራ አመራራቸው ተሸለሙ።

ከሽልማቱ በኋላ ብቻቸውን ወደ ጣቢያው መጡ። በችግኞቹ መካከል ሲመላለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እንዲያው በመካከላችን ይሁንና» አሏት፣ «ምን ብናደርግ ነው ዘንድሮ እንዲህ ያማረልን?»

«ምንም አላደረጋችሁም ጓድ» አለች እታፈራሁ።

ጓድ ወልዴ በትሕትናዋ በጣም ተደሰቱና እጇን አጥብቀው ጨበጧት።