ጎማ ሳያዩ የማይሳፈሩት ጋሽ ሰይፈሥላሴ

መንዳት ያቆመ ሾፌር አይቼ አላውቅም። መንጃ ፈቃዱን የመለሰ አለ፤ መኪናውን የሸጠ አለ፤ መንዳት ያቆመ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ታክሲ ውስጥ ከጎናችሁ ተቀምጦ፣ መኪናው ቁልቁለት ሲይዝ በቀኝ እግሩ ወለሉን የሚረግጠው እሱ ነው።

የገላን ኮንዶሚኒየም ድርሻ ክቡር ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም የዓይናቸውን ግፊት ለክቶ መሪ እንዳይነኩ ከለከላቸው። መሪ አልነኩም። ስለ ምላሳቸው ግን ሐኪሙ ያለው ነገር የለም። «መንገዱን ለእኔ ተዉት» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ችግሩ ተሳፋሪ መሆን አለመቻላቸው ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲደርሱ ሰዉ «አባት ይለፉ» ብሎ ፊት ያደርጋቸዋል። ያልፋሉ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሲጠብቃቸው ሚኒባሱን ዞረው አራቱንም ጎማ በእግራቸው ይመታሉ። «የኋላው ግራ አልቋል፤ አልሳፈርም» ብለው ወደ ሰልፉ ራስ ይመለሳሉ። ሰልፈኛው ግራ ይገባዋል። ሽማግሌን ቀድሞ መግባት ነውር ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ አይገቡም። አንድ ጠዋት ሦስት ሚኒባስ ባዶውን ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጃቸው ዮዲ ለእኔ ለጎረቤታቸው ከአዳማ ደወለች። «ሁለት የዓይን ቀጠሮ አለፋቸው። ብቻቸውን መሄድ ካልቻሉ እኔ ጋ አመጣቸዋለሁ። ማክሰኞ አብረሃቸው ሂድና እውነቱን ንገረኝ።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ይህን ያውቃሉ። «አዳማ የሚታለፍ ከተማ ነው» አሉኝ ደረጃውን ስንወርድ። «ሰው የሚታለፍ ቦታ ላይ ሄዶ ይኖራል?»

ቀጠሮው ሳሪስ አቦ አጠገብ ያለ ክሊኒክ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ባጃጅ አቆምኩ። «ሦስት እግር ለበርጩማ ነው» አሉ። አውቶቡስ መጣ። «ይሄ ጭኗል እንጂ አላሳፈረም» አሉ። በስልኬ ታክሲ ጠራሁ። ሳዲቅ የሚባል ወጣት በኤሌክትሪክ መኪና መጣ።

ጎማው አዲስ ነው፤ አለፈ። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ።

«አስነሳው።»

«ተነስቷል ጋሼ።»

«ድምፁ የታለ?»

«ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ ከሌለው መታመሙን በምን ታውቃለህ?»

ሳዲቅ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አላውቅም። ጋሼ ግን መልስ የሌለው ጥያቄ በመጠየቃቸው ደስ ብሏቸው ገቡ። መንገድ ላይ ወለሉን ሲረግጡ ሳዲቅም ደንግጦ እግሩን አነሳ፤ መኪናው የፍጥነቱን ፔዳል ሲለቁት በራሱ ፍሬን የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ፣ ቀስ አለ። ደግመው ረገጡ። ደግሞ ቀስ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ከነዱት እኔ ምን እሠራለሁ?» አለ ሳዲቅ።

ቃሊቲ ስንቃረብ መንገዱ ተዘጋጋ። ጋሼ «ወደ ግራ ግባ፣ በጓሮ እናልፈዋለን፤ መንገዱን ለእኔ ተዉት» አሉ። ስልኩ ተመለሱ ይላል፤ ጋሼ ቀጥል ይላሉ። «ማንን ልስማ?» አለ ሳዲቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከስልክ ይበልጣል ብዬ «ጋሼን ስማ» አልኩት። ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ከታጠፍን በኋላ ቆርቆሮ አጥር አፍንጫችን ላይ ቆመ።

አጥሩ ጥግ ኪዮስክ ያላት ሴት ብቅ አለች። «ማረሚያ ቤት ነው የምትፈልጉት? እሱ ወዲያ ነው» አለችን። የተሳሳተ ሰው ሁሉ ያንን የሚፈልግ ይመስላታል።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወርደው አጥሩን በእጃቸው ዳሰሱት። «እዚህ የመኪና ሚዛን ነበር» አሉ። «ስንት ጊዜ ተመዝኜበታለሁ።» ወደ ቀኝ አዩ፤ ወደ ግራ አዩ። ከዚያ ክንዴን ያዙና ሳዲቅ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የት ነው ያለነው?»

በሦስት ዓመት ጉርብትና መንገድ ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሴትየዋም፣ ሳዲቅም መንገዱ የጠፋው እኔን እንዲመስላቸው ጮክ ብዬ «ጠፍቶብኛል፤ ሳሪስ በየት ነው?» አልኩ። ሴትየዋ አመለከተችን። ጋሼ መኪናው ውስጥ ተመልሰው፣ «እኔም እንደሱ ልል ነበር» አሉ።

ክሊኒኩ የደረስነው አራት ተኩል ላይ ነው። ነርሷ ተቆጥታ፣ ከሁሉም በኋላ አስገባቻቸው። ግፊቱ አልጨመረም፤ ጠብታው ይቀጥል፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ይምጡ ተባለ።

ዮዲ የደወለችው ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠው የመድኃኒቱን ወረቀት ዓይናቸው ላይ ለጥፈው ሲያነቡ ነው። ወረቀቱን ዘቅዝቀው ነበር የያዙት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለች። «ብቻቸውን ይችላሉ?»

«አይችሉም።»

ወረቀቱ ወደ ጉልበታቸው ወረደ።

«በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

«ብቻቸውን ነው ያልሺኝ» አልኳት። «ከእኔ ጋር ይችላሉ። ማክሰኞ እኔ አመጣቸዋለሁ።»

«ሥራ የለህም እንዴ?»

«ማክሰኞ የለኝም።»

ማክሰኞ ለጋዜጣ ጽሑፍ የማስረክብበት ቀን ነው።