የእትዬ አስካለን ዳቦ በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ

ሳትስቁ አንብቡ ብል እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ግን ከሌላ ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ይሻላል፤ መነኸሪያው እንደሆነ በሙሉ ሰምቷል!

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ላይ ዳቦ አጠብኩ።

አዎ፣ ዳቦ! በሳሙና!

የምሠራው መንገድ ዳር ያለ ሆቴል ነው፣ ሳህን አጣቢ ነኝ። (አስረኛ ክፍል ማትሪክ የጣለው ሰው ምን ሆኖ ጠብቃችሁት ነበር፣ ፓይለት?) አብራኝ የምትሠራው ዘሃራ ናት፣ የጀውሃ ልጅ። እሷ ታጥባለች፣ እኔ እየተነጫነጭኩ አለቀልቃለሁ።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ አስካለ አዲስ አበባ ከተዘጋ ሆቴል የሳህን ማጠቢያ ማሽን ገዝተው መጡ።

"ይሄን ያስነሳ ማሽኑ ላይ ይሾማል" አሉ። "የቀረው ድስት ፋቂ ነው!"

ሹመት! ለእኔ!

"ለኔ ይተዉት እትዬ፣ ሙያዬ ነው" አልኩ። ሙያውን የት ተማርከው አትበሉኝ። የሪሞት ባትሪ ቀይሬ አውቃለሁ፣ አለቀ።

ማኑዋሉ በየትኛው አገር ቋንቋ እንደተጻፈ አይታወቅም። ግን ማሽኑ ላይ ሰዓት የተሳለበት ቁልፍ አየሁ። በቃ፣ ሰዓቱ አልተሞላም ማለት ነው! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሦስቴ ተጫንኩት። 3 አለ።

ዘሃራ ጠጋ ብላ "ይሄ 3 ምንድነው?" አለች።

"ሰዓት ነዋ! ሦስት ሰዓት አይደለም እንዴ? ዓይንሽን ግለጪ!"

ሳህን ደረደርን። ሳሙና መያዣዋ ኪስ ውስጥ የልብስ ሳሙና ዱቄት ጠቅጥቄ ከደንኩ። በሩን ዘጋሁ፣ ማስነሻውን ተጫንኩ።

ዝም።

ሶኬቱን በቴስተር ነካሁ፤ መብራት አለ። ቧንቧውን አየሁ፤ ውሃ አለ። እዚህ አገር መብራትና ውሃ ስንት ዓመት ተፈላልገው አንድ ቀን ሲገናኙ ማሽኑ ይሞታል? ቀስ አድርጌ መታሁት። በደንብ መታሁት። "ተነስ አንተ!" ብዬ ጮህኩበት። አስተናጋጆቹ ከበውኝ የአንድ ለአምስት ስብሰባ መሰልን፤ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሠራ የለም።

አራት ሰዓት ላይ ሳየው 2 ይላል።

አምስት ሰዓት ላይ፣ 1!

"ይዩት እትዬ፣ ሰዓቱ ራሱ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው! ተሸውደዋል። ይሄ ሬሳ ነው።"

"ከአዲስ አበባ ባለሙያ ላስመጣ ይሆን?"

ሌላ ሰው መጥቶ ቢያስነሳውስ? ሹመቴስ? "ኧረ ለምን ይለፋሉ፣ ቁም ሳጥን ያድርጉት!" አልኩ።

የኛን ቆላ ዝንብ ታውቁታላችሁ። እትዬ አስካለ ሳህኑን አስወጥተው "እዚህ እንኳን አይደርስበትም" እያሉ የምሳውን ዳቦ በሙሉ አንድ በአንድ ደረደሩበት። ሳህን ማቆሚያው ለዳቦ የተሠራ ነበር የሚመስለው! በሩ ጠቅ አለ። ሳሙናዋ ኪሷ ውስጥ ናት። ማን አስታወሳት?

ስድስት ሰዓት። ሁለት የደሴ አውቶቡሶች ተሳፋሪ አራግፈው ቤቱ ጢም ብሏል።

ማሽኑ እምምምም አለ።

ተነሳ!!

ዳቦውን ላድን ሮጥኩ? ኧረ ወዲያ! እስክስታ ወረድኩ! "አስነሳሁት! አስነሳሁት!" እያልኩ ምሳ የሚበላው ሰው መሃል ገባሁ። ተሳፋሪው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበልኝ። አንድ ሽማግሌ ቆመው መረቁኝ። እትዬ አስካለን አቀፍኳቸው። እሳቸውም እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና...

"ዳቦዬ!!"

ዘሃራ ሮጣ በሩን ከፈተችው። ዳቦ የለም፤ አረፋ የለበሰ ገንፎ ነው ያለው። አረፋው በእግራችን መሃል ሾልኮ ተሳፋሪዎቹ ጫማ ድረስ ሄደ።

አንዱ ሹፌር ከወንበሩ "ዳቦም አጥባችሁ ነው እንዴ የምታቀርቡት? ንጽህና እንዲህ ነው!" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ዘሃራ በጣቷ ትቆጥራለች። "ሦስት ሰዓት ላይ 3 አለ። አራት ላይ 2። አምስት ላይ 1። አሁን ስድስት ነው። ሱብሃነላህ! አንተ፣ ለመነሳት ስንት ሰዓት እንደቀረው እኮ ነው ሲነግርህ የዋለው! ከሦስት ሰዓት በኋላ ተነስ ብለህ ያዘዝከው ራስህ ነህ!"



ዘሃራ ገንፎውን ዝቃ ስትጨርስ ሳህን ደረደረች። የሰዓቷን ቁልፍ ሳትነካ ማስነሻውን ብቻ ተጫነች። ወዲያው ተነሳ። እትዬ አስካለም እዚያው ሾሟት።

ይሄን የምጽፍላችሁ ጥላሸት በጠጣ ጣቴ ነው። ያለፈ ያገደመው ባጃጅ ሁሉ "ኢንጂነር፣ ሰዓት ስንት ነው?" እያለኝ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ምን መሰላችሁ? እስክስታው! ከልቤ ነበር እኮ! ለአንድ ደቂቃ ሹም ነበርኩ!

አሁን ዘሃራ ማሽኗን ተደግፋ "ኢንጂነር፣ ያ ድስት ስንት ሰዓት ቀረው?" ትለኛለች።

ኮሜንት ላይ ምከሩኝ፤ ልጣላት፣ ወይስ እኔም ወደ ኋላ ልቁጠርላት?

3... 2...