ለስብሰባ የማይመጣ ለለቅሶ ይመጣል

አንድ ሰፈር ሰፈር የሚባለው ቀበሌ፣ የቦኖ ውሃ እና ማን እንደሞተ ሳያውቅ የሚያለቅስ አንድ ሰው ሲኖረው ነው። ቀበሌው የራቀው ሰፈር አይቻለሁ። ውሃ የማይመጣበት ደግሞ የእኛው ነው። ሦስተኛው የጎደለበት ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

የእኛ የመካኒሳ አቦዎቹ ርእሰ ለቀስተኞች ጋሽ ዳኜ ናቸው። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ «የሰማህ ላልሰማ» ብሎ ሳይጨርስ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ወጥተዋል። አንድ ቀን ላፍቶ አንድ ግቢ ገብተው «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ፣ የሞቱት ሴት መሆናቸውን አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ነገራቸው። ምንም ሳይደነግጡ «እህቴን» ብለው ቀጠሉ። ለቡ መብራት ኃይል ሙስሊም ሲሞት ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ጩኸት እንደማይወደድ ስለሚያውቁ በዝምታ ያለቅሳሉ። ከሟቹ ጋር ምን እንደሚዛመዱ የጠየቃቸው ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ያው የአንድ ከተማ ሰዎች ነበርን።»

ከመሥሪያ ቤታቸው በቅነሳ ከወጡ ወዲህ ሥራ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰፈሩ ተመካክሮ ለንፍሮው ነው የሚሄዱት ብሎ ፈረደ። ፍርዱን የሻረችልኝ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብላ ትንሽ ሱቅ ያላት ሙፊዳ ናት። ጋሼ ወደ ለቅሶ የሚሄዱት እናንተ ወደ ቢሮ እንደምትሄዱት ነው አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በእኛ ወረዳ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚመለከቱ ሦስት አካላት ነበሩ፤ ቀበሌው፣ የወረዳው የሕፃናት ጉዳይ ክፍል እና ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የዕርዳታ ድርጅት። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ለማለት የሚችልበት ርቀት ላይ ናቸው። አስተባባሪ ኮሚቴም አላቸው፤ ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ማኅተም አለው፤ የሌለው ስብሰባ ብቻ ነው። አንዱ ሲመጣ ሌላው መስክ ወጥቷል፤ እሱ ሲመለስ ይኼኛው ሴሚናር ገብቷል፤ ሦስተኛው ግምገማ ላይ ነው። ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተብሎ ይበተናል።

ጋሽ ዳኜ ይህን ተመልክተው አንድ ነገር ገባቸው። «ለስብሰባ የማይመጣ ሰው ለለቅሶ ይመጣል» ይሉ ነበር። የሰው ለቅሶ ያልደረሰ የራሱ ድንኳን ባዶ እንደሚሆን ሹም ሁሉ ያውቃል። የወረዳው ሹፌር እናት በሞቱ ጊዜ ጋሽ ዳኜ አንድ የታመመ ልጅ ሆስፒታል የሚገባበትን ደብዳቤ፣ ሁለት ቢሮዎች ወራት ሲገፋፉበት የከረሙትን፣ ንፍሮው ዞሮ ሳያልቅ አስፈጽመዋል። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ቀድመው ይደርሳሉ፤ አግዳሚው ላይ ተዘርግተው ይቀመጣሉ፤ የሚፈለገው ሰው ሲመጣ ጠጋ ጠጋ ብለው ከሚፈለገው ሌላ ሰው አጠገብ ያስቀምጡታል። ከዚያ በሁለቱ መካከል አንገታቸውን አስግገው፣ ስለ ሟች ደግነት የሚያወሩ መስለው ጉዳዩን ያስገባሉ።

አሁን ወደ ሕዝቅኤልና ቤተልሄም ልምጣ። በዚያ ዘመን ወጣት እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር፤ የበሽታውን ስም የሚጠራ ግን የለም፤ «ሳንባ ነው» ይባላል። አባታቸውን ወሰደ፣ በዓመቱ እናታቸውን ደገመ። እናታቸው የሙፊዳ ተከራይ ነበረች። ስትቀበር ከዕድሩ ሰዎች፣ ከሙፊዳና ከጋሽ ዳኜ በቀር ማንም አልነበረም፤ የድሃ ለቅሶ ላይ ቢሮ አይመጣም።

ሙፊዳ ልጆቹን ከራሷ ልጆች ጋር አስተኛቻቸው። ላሳድጋቸው፣ ግን ብቻዬን አልችልም አለች። ድርጅቱ ወረዳው ደብዳቤ ከጻፈላት ድጋፍ እሰጣለሁ አለ። ወረዳው ቀበሌው አሳዳጊነቷን ካረጋገጠ እጽፋለሁ አለ። ቀበሌው ደግሞ ነገ ልጆቹ እኔ ላይ እንዳይወድቁ ድርጅቱ አስቀድሞ ድጋፉን ያረጋግጥልኝ አለ። ሦስቱም ያሉት ለየብቻው ሲሰማ ትክክል ነው። እስከ መስቀል ካልተቋጨ ግን ትንሿ ቤተልሄም ከከተማ ውጪ ወዳለ ማሳደጊያ ልትወሰድ ነው። ሕዝቅኤልን ማሳደጊያው አይቀበልም፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ዕድሜው አልፏል ተባለ። ልጁ ይህን ከሰማ ጀምሮ ሲተኛ የሸሚዙን ጫፍ ከእህቱ ቀሚስ ጋር ቋጥሮ ነበር የሚተኛው። ሙፊዳ ማታ ትፈታዋለች፣ ጠዋት ተቋጥሮ ታገኘዋለች።

ክረምቱ በሙሉ ጋሽ ዳኜ ድንኳን ለድንኳን ተንከራተቱ። አንዱ ለቅሶ ላይ ቀበሌውና ድርጅቱ ሲገኙ ወረዳው ቀረ። ሌላው ላይ ወረዳው መጥቶ ሁለቱ ቀሩ። ሰውዬው ከሱ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ የቤተሰቡን ጤና አጥብቀው መጠየቅ ጀመሩ። «አባትህ ያ ሳላቸው ለቀቃቸው?» ብለው ለቋቸዋል ሲባሉ «ተመስገን» ይላሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ሌላ ነገር ይታያል። በሽተኛ ያለበት ቤት እሳቸውን ከሩቅ ሲያይ በሩን ይዘጋ ጀመር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አክስቴ እትዬ ወጋየሁ ዐረፈች። አስተማሪ ነበረች፤ ግማሹን መካኒሳ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። ያሳደገችኝም እሷ ናት። ድንኳኑ ለሰዉ አልበቃም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ፣ የወረዳው የሕፃናት ጉዳይ ኃላፊ አቶ አስረስ መጣ፣ የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ ፅጌረዳም ጥቁር ለብሳ መጣች።

በእንባ መካከል ቀና ስል ጋሽ ዳኜ አቶ አስረስን ክንዱን ይዘው ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ሲያዘዋውሩ አየሁ። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ሄድኩና ዛሬስ ለእኔ አክስት ሲሉ ይተዉት አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ጋሽ ዳኜ አልተቆጡም። ወደ ጥግ ሳብ አደረጉኝ። «ያዘዙኝ አክስትህ ናቸው» አሉኝ። «ታመው ልጠይቃቸው የገባሁ ዕለት ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፤ እንዳልሆነልኝ ነገርኳቸው። ‹ዳኜ፣ እንግዲህ የእኔን ለቅሶ ዝም ብለህ እንዳታሳልፈው› አሉኝ።»

አክስቴን አውቃታለሁ፤ ይህ የእሷ አነጋገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የተረፈ ጠመኔ ጥላ አታውቅም።

ሊቀመንበሩ ድንኳኑ ዳር ካርታ ይዞ ተመስጦ ነበር፤ ጋሽ ዳኜ ሁለት ጊዜ ለምነውት አልተነሣም። እኔ ሄድኩ። ሐዘንተኛን እምቢ የሚል የለም። ካርታውን አስቀምጦ ተከተለኝና ከአቶ አስረስና ከወይዘሮ ፅጌረዳ መካከል አስቀመጥኩት። እኔም ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የጋሽ ዳኜን ብልሃት አላውቅበትም፤ እንዲሁ ስለ ሁለቱ ልጆች ነገርኳቸው።

አቶ አስረስ አንገቱን ነቀነቀ። «በእውነት ያሳዝናል። ነገ ቢሮ ብቅ በልና እንነጋገርበት» አለኝ።

«ነገ ሐዘን ላይ ነኝ፤ ከቤት አልወጣም» አልኩት። «አሁን ተነጋገሩልኝ።»

ሦስቱ ተያዩ። እርስ በርስ በደንብ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ወይዘሮ ፅጌረዳ ቀበሌው ማረጋገጫውን ከጻፈ እሷም በዚያው ቀን እንደምትጽፍ ተናገረች፤ ሊቀመንበሩ ይህን በጆሮዬ ከሰማሁ ምን ቸገረኝ አለ፤ አቶ አስረስም ሁለቱ ከተስማሙ የእሱ እንደማይቀር ቃል ሰጠ። ንፍሮ የምታዞረው ልጅ እኛ ዘንድ ሳትደርስ ጉዳዩ አለቀ።

ደብዳቤው በሰልስቱ ማግስት ወጣ። ልጆቹ አንድ መደብ ላይ እንደተኙ ቀሩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወንድምና እህት እንዳይለያዩ አክስቴ መሞት ነበረባት። የእሷ ዓይነት ሰው ደግሞ በየወሩ አይሞትም፤ የሕዝቅኤል እናት ዓይነት ግን በየቀኑ ነው። ኮሚቴው እስካሁን አልተሰበሰበም።

በአርባዋ ዕለት ጋሽ ዳኜ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ላፍቶ ወንዙ ዳር ዓይናቸው ከማያይ አያታቸው ጋር የሚኖሩ ሦስት ልጆች አሉ፤ የአሁኖቹ ጉዳይ ሆስፒታሉንም ይጨምራል አሉኝ። ከዚያ በስስት ዓይን አዩኝ። «አንተ ግን ጤናህ እንዴት ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጣላቸው ነበር። ያን ዕለት ግን እኚህን ሰው አንገታቸውን አቅፌ መሳም አማረኝ። ደህና ነኝ፣ ጨጓራዬ ብቻ አልፎ አልፎ ይነካካኛል አልኳቸው። ያለኝን ነው የነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ብሞት ማን ማን ይመጣል እያልኩ አስባለሁ። ሊቀመንበሩ አይቀርም። አቶ አስረስና ወይዘሮ ፅጌረዳም ይመጣሉ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ግን አያውቀኝም። ስለዚህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጎራ ብዬ ሰላም እለዋለሁ፤ የልጆቹን ደኅንነት እጠይቀዋለሁ፤ በዓል ሲደርስ እንኳን አደረሰህ ሳልለው አላልፍም። ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው ብሎ ግራ ገብቶታል። ምንም አልፈለግሁም። ቀኔ ሲደርስ ጋሽ ዳኜ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።