ጠባዩን ልየው

ቤት ሲቃጠል ውሃ ከማቅረብ ይልቅ እሳቱ ከየት እንደተነሳ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የቡታጅራው ክቡር ኢንጂነር ናጃህ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ፣ ኮምፒውተር በተበላሸብን ቁጥር ደጁን የምንጠና ጎረቤቶቹ ነን። ሌላው ጠጋኝ "ፎርማት ላድርገው" ይላል። ናጃህ ግን ወንበር ይስብና "ቆይ፣ ጠባዩን ልየው" ይላል። ያን ጊዜ ምሳችሁን በልታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ዘንድሮ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሰፈራችን ገባ። በአንድ ጠዋት የሙባሪክ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ኮምፒውተር ተቆለፈ፤ የኔም ጽሑፎች አብረው ሄዱ። ደህና የሆነው የሃፊዛ ፎቶ ቤት ብቻ ነው። የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ የሚሰካው ደግሞ እሷው ጋ ነው።

ሙባሪክ በሯ ላይ ቆሞ "ሁላችን ተቆልፈን አንቺ ብቻ እንዴት ተረፍሽ?" አላት።

"ወላሂ፣ እኔ ምን አውቃለሁ!"

ከዚያ ወዲያ ሱቋ የሚገባ ሰው ጠፋ።

ናጃህን "ፋይላችንን አስመልስ" ብለን ወጠርነው። እሱ ግን ኔትዎርክ የሌለው አሮጌ ላፕቶፕ አውጥቶ፣ የአረፋ በሬውን ፎቶዎች ጫነበትና ቫይረሱን በገዛ እጁ ለቀቀበት። "አየህ፣ መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂውን ያጠፋል። አሁን ወደ ፎቶዎቹ ሄደ" ይለኛል። በሬው ሲቆለፍ ሁሉን ደምስሶ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

"እኛ እየነደድን አንተ ሲኒማ ታያለህ?" ብሎ ሙባሪክ ጮኸበት። ክቡርነታቸው አልሰሙም።

በመጨረሻ ያዘው። ቫይረሱ ከሁሉ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ያያል፤ የተቀጠረለት ቀን ካልደረሰ ይተኛል። ናጃህ ብድግ ብሎ ወደ ሃፊዛ ሄደ፤ እኛም ተከተልነው።

"ኮምፒውተርሽ ላይ ዓመቱ ስንት ይላል?"

"ደግሞ ልትቆጣኝ ነው? 'በፈረንጅ አድርጊው' ብትለኝም የፎቶው ቀን ይምታታብኛል። በኛው አድርጌዋለሁ።"

ለካ ቫይረሱ እሷም ቤት ገብቶ ነበር። በሃፊዛ ኮምፒውተር ግን ገና 2018 ነው፤ በፈረንጅ የሚቆጥረው ቫይረስ ቀጠሮው ሊደርስ ሰባት ዓመት ገደማ ይቀረዋል።

ናጃህ ወደ ሙባሪክ ዞሮ "ቀኑ ስላልደረሰ ነው እንጂ እሷንም አይምራትም ነበር" አለው። ሙባሪክ ራሱን አከከ። "አፉ በይኝ እህቴ" አላት። ሃፊዛ በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። እኔም ደስ አለኝ፤ አንጀቴን በልታኝ ነበር።

የኔ ጽሑፎች እስከዛሬ እንደተቆለፉ ናቸው፤ ክቡር ኢንጂነሩ አላስመለሱልኝም። ነገ ሰፈሩ ጣቱን እኔ ላይ ቢቀስር ግን የማንንም ሌላ ሰው ደጅ አላንኳኳም። ምሳ ሰዓት ይለፍ፣ ይምሽም፤ ብቻ ናጃህ ይምጣልኝ።