ባንዲራውን ማን ይስቀለው?

ሰው አገሩን የሚወደው ከአገሩ ሲርቅ ነው ይላሉ። እኔ አላምንም። ከአገሩ የራቀ ሰው የሚወደው ባንዲራውን ነው። ባንዲራ አያማ፣ አያኮርፍ፣ ማድቤት አይሻማ! የአገሩን ሰው ግን… በሩቁ ነው የሚፈልገው፤ ያውም ጀርባውን።

ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ መጽሐፍ ገና አላዳረስኩም። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ሰበታ ውስጥ የአንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ አለቆች የሚኖሩበት ግቢ ዘበኛ ነኝ። ከነሚስቴ የምኖረውም እዚያው ግቢ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች።

አለቆቹ ሁለት ህንዶች ናቸው። ሚስተር ራጄሽ ከሰሜን ህንድ ነው፤ ምርቱን ይመራል። ሚስተር ሙሩጋን ከደቡብ ነው፤ ማሽኖቹ በእሱ እጅ ናቸው። አንድ ግቢ፣ አንድ ሳሎን፣ ሁለት ማድቤት። ሁለት ማድቤት ለምን ካላችሁ፣ ሚስተር ራጄሽ ዓመቱን ሙሉ ሥጋም ዓሣም አይቀምስም፤ ፋሲካ የሌለው ጿሚ በሉት። ሚስተር ሙሩጋን ደግሞ ዓሣ ካልጠበሰ ቀኑ አይነጋለትም። ሽታው ወደ ሳሎን ሲሻገር ሚስተር ራጄሽ መስኮቱን የሚከፍተው ድንበሩ እንደተጣሰበት ሰው ነው።

ቋንቋውም ያው ነው። ሚስተር ራጄሽ በሂንዲ ሲያናግረው ሚስተር ሙሩጋን ሂንዲ አልችልም ይላል። በእንግሊዝኛ ሲመልስለት ሚስተር ራጄሽ ያኮርፋል። ታዲያ በምን ይግባባሉ? በእኔ! ብዙ ዘመን እዚህ ስለኖሩ ሁለቱም አማርኛን እየሰባበሩ ይናገራሉ። አንድ ሶፋ ላይ ጫፍና ጫፍ ይቀመጡና…

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ቴሌቪዥን ቀንስ በለው» ይለኛል አንዱ።

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ ጆሮ ድፈን በለው» ይላል ሌላው።

እኔም ዱላዬን በሩ ላይ አስደግፌ እንደ አምባሳደር አስተላልፋለሁ። ለአምባሳደር እንኳ ወንበር ይሰጡታል።

እንዲህ ሆነው ሳሉ ነሐሴ ላይ የነፃነት በዓላቸው ይመጣል። ያን ሰሞን ስለ ህንድ ሲያወሩ ብትሰሟቸው አገሪቱን እየተፈራረቁ አዝለው ያሳደጓት ይመስላችኋል። ዘንድሮ ደግሞ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከገላን ያሉት ህንዶች ሁሉ እኛ ግቢ ተሰብስበው ባንዲራ እንዲሰቀል ተወሰነ። ጥያቄው ገመዱን ማን ይሳብ የሚለው ሆነ። ሚስተር ራጄሽ፣ በዕድሜ እበልጣለሁ አለ። ሚስተር ሙሩጋን፣ ሰበታን ቀድሜ የረገጥኩት እኔ ነኝ አለ። ይህን ሁሉ የተባባሉት በእኔ አፍ ነው፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። በመጨረሻ ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ተገኘ… ያኛው ከሚስበው ዘበኛው ይሳበው!

አያችሁልኝ? የአገራቸውን ክብር ለአገራቸው ሰው ከሚሰጡ ለሰበታ ዘበኛ ሰጡት።

ልማዳቸው ደግሞ እንዲህ ነው። ባንዲራው ተዘርግቶ አይወጣም። አበባ መሃሉ ይደረግና ተጠቅልሎ በሸምቀቆ ይታሰራል። እንደተጠቀለለ ጫፍ ሲደርስ ገመዱ ሳብ ይደረጋል፤ ያኔ ባንዲራው ይፈታና አበባው በሰው ራስ ላይ ይረግፋል። በዋዜማው ሚስተር ራጄሽ አጠቃለሉን አሳየኝ። ባንዲራው ሚስተር ሙሩጋን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ስለነበር ያሳየኝ በፎጣ ነው። «ያ ሰውዬ እንዳይነካው» አለኝ። ጠዋት ሚስተር ሙሩጋን ባንዲራውን አውጥቶ ሰጠኝ። «ያ ሰውዬ እንዳይነካው» አለኝ። የትኛው ቀለም ከላይ እንደሚሆን የነገረኝ የለም።

ጨርቁን ዘረጋሁት። ብርቱካንማ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ፤ መሃሉ ላይ ሰማያዊ መንኮራኩር። ላይና ታቹን የሚነግረኝ ጽሑፍ ፈለግሁ። በስንት መከራ ማንበብ ብማር የማይነበብ ጨርቅ ሰጡኝ! መንኮራኩሩም ቢገለብጡት ያው መንኮራኩር ነው። አጠገቤ ኦቦ ቶሎሳ፣ የግቢያችን አትክልተኛ፣ የሚጠቀለለውን አበባ ይቆርጣሉ። አንቱ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ባንዲራ አይደል? አረንጓዴው ከላይ ነዋ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እውነታቸውን ነው። አንተም አንባቢዬ፣ እዚያ ብትኖር እንደዚያው ነበር የምትጠቀልለው። እኛ ከተወለድን ጀምሮ አረንጓዴ ከታች ሆኖ ያየነው ሣር ብቻ ነው።

እንግዶቹ ጃንጥላ ይዘው ጭቃው ላይ ተሰለፉ። ሳብኩት። ሸምቀቆው ተፈታ፣ አበባው ረገፈ፣ መዝሙሩ ተጀመረ… ከዚያ ሁሉም አዩት። መዝሙር እየተዘመረ መንቀሳቀስ ነውር ነው፤ ስለዚህ አንገት አልዞረም፣ እጅ አልተነሳም። ዓይን ብቻ! የሚስተር ራጄሽ ዓይን ሚስተር ሙሩጋን ላይ፣ የሚስተር ሙሩጋን ዓይን ሚስተር ራጄሽ ላይ። የተገለበጠውን ባንዲራ እያዩ እስከ መጨረሻው ዘመሩለት።

መዝሙሩ እንዳበቃ ሚስተር ራጄሽ ወደ እኔ ዞረ።

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው፣ አገሩን ሰደበ በለው።»

«ለዚያ ሰውዬ ንገረው» አለ ሚስተር ሙሩጋን፣ «ትናንት በፎጣ ያስተማረው ማነው በለው።»

እንግዶቹም ሰሜንና ደቡብ ሆነው ለሁለት ተከፈሉ። ጃንጥላ ከጃንጥላ ይገፋፋ ጀመር። ባንዲራው ግን እንደተገለበጠ ነው። ክብሩ ተነካ ብለው የሚጮሁለትን ጨርቅ ማንም ላውርደው አላለም።

ዝም ብል ይቧጨቃሉ፤ ብናገር ክፍሌን አጣለሁ። ኦቦ ቶሎሳ ጎኔን ነካ አድርገው «ዱጋ ሂሚ» አሉኝ፤ እውነቱን ተናገር ማለታቸው ነው። የሚታጣው የሌላ ሰው ክፍል ሲሆን እውነቱን ተናገር ማለት ይቀላል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኛ ዘንድ አረንጓዴ ከላይ ነው። የእናንተን የነገረኝ የለም።»

ከዚያ ሚስተር ራጄሽ፣ ሳያስበው መሰለኝ፣ ወደ ሚስተር ሙሩጋን ዞሮ በሂንዲ ተናገረ። ሚስተር ሙሩጋንም በሂንዲ መለሰለት! ስንት ዘመን አልችልም ሲል የኖረው ሰውዬ እንደ ውኃ ያንቆረቁረው ጀመር። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨርስለታል። ሰሜንና ደቡቡ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም እኔን እያዩ ስለነበር አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ህንድ አንድ ስትሆን በዓይኔ አየሁ… አንድ የሆነችውም እኔን ለማባረር ነው። ነገ ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባልኩ። ባንዲራውን አውርጄ፣ አቃንቼ ሰቀልኩላቸው። እነሱም ጣፋጫቸውን እየተጎራረሱ በሉ።

አንተ ደግሞ አትሳቅ። እህቴ አረብ አገር ስትሠራ አሠሪዋ፣ ደስ ይበልሽ፣ የአገርሽ ልጅ መጣችልሽ ቢሏት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሻንጣዋን መቆለፍ ነው። ቀጥላ ያደረገችው፣ ከየት በኩል ነሽ ብላ መጠየቅ። ሁለቱም ግን ባንዲራችንን ራስጌያቸው ለጥፈው ይተኙ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ ሚስቴን አስከትዬ በሩ ላይ ደረስኩ። የዓሣ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። መስኮቱ ብርግድ ተደርጎ ተከፈተና ሚስተር ራጄሽ ያንን ፎጣውን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ።

«የት ትሄዳለህ?» አለኝ።

«አባራችሁኝ የለ?»

«ተወው። ና ለዚያ ሰውዬ ንገረው…»

ጥቅልሉን አስቀመጥኩና ገብቼ ነገርኩት። መልሱንም ይዤ ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ስመላለስ አለሁ። ጥቅልሉን ግን አልፈታሁትም፤ ሁለቱ የታረቁ ቀን ያስፈልገኛል ብዬ በሩ ሥር ተውኩት።

አሁን የሚስቴ ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች።