የበሽተኛዋ ሽሮ

ቋንቋችን በሐሞት ላይ የማይጭነው ነገር የለም። ደፋሩን ሐሞተ ኮስታራ ይለዋል፤ ፈሪውን ሐሞተ ቢስ። ሥራ የሰለቸውም፣ ፍቅረኛው የከዳችውም፣ ቡድኑ የተሸነፈበትም ሐሞቱ ፈሰሰ ይባላል። ይህን ሲሰማ ያደገ ሰው ሐሞቱን ቢያወጡበት ባዶ ጆንያ ሆኖ የሚቀር ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ የሐሞት ከረጢቴን ከነጠጠሩ ቆርጦ ካወጣው ወዲህ ግን ራሴን ብመረምር፣ ድፍረቴም እንደነበረ ነው፣ ፍርሃቴም እንደነበረ ነው። ቅናቴማ አይነሳ! እሱ እንዲያውም ቦታ ሰፋለት።

ስለ ቅናት ካነሳን አይቀር፣ እናንተ በምን ትቀናላችሁ? ሰው በጎረቤቱ መኪና ይቀናል፣ በእህቱ ባል ይቀናል፣ በጓደኛው ልጅ ውጤት ይቀናል። ይሄ ሁሉ የተከበረ ቅናት ነው፤ ለሰው ቢያወሩት አያሳፍርም። እኔ የቀናሁት በሽሮ ነው። ያውም ቅቤ ባልነካው ሽሮ። ያውም ለእኔው ተብሎ በተሠራ ሽሮ።

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ወደ ድንበሩ በር በሚወስደው መንገድ ዳር ሆቴል አለኝ። ሆቴል ስላችሁ አልጋ እንዳትፈልጉ፤ እኛ ዘንድ ሆቴል ማለት ምግብ ቤት ነው። ደንበኞቼ በበኩር ልጄ ስም ማማ ሄኖክ ይሉኛል፤ የራሴን ስም የሚያስታውሱት ባሌና ቄሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከጎልቦ ቆላ ከብት ነድቶ የሚመጣው ነጋዴም፣ ከናይሮቢ ዕቃ ጭኖ የሚወጣው ሾፌርም እኔ ቤት የሚቀመጠው ለአንድ ነገር ነው፤ ለቅቤዬ። ጥብሴ በቅቤ ይዋኛል፣ ሽሮዬ በቅቤ ይዋኛል፣ ቅቅሌ እንኳ መጨረሻ ላይ ይጠመቃል። ቅቤ የማይገባበት ሻዬ ብቻ ነበር፤ እሱንም የቦረና ጎረቤቶቼ ቡናን ከነፍሬው በቅቤ ሲጠብሱ ካየሁ ወዲህ አስቤበት ነበር።

ታዲያ የፋሲካ ዕለት ነው። ጾሙን በሰላም ጨርሼ፣ ዶሮውን ካሰኘኝ በላይ በልቼ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ አንድ ነገር ከቀኝ ጎድኔ ሥር ጨምድዶ ያዘኝ። ከዚያ ወደ ጀርባዬ ዞረ። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ወጣ። ባሌ ግርማ አየኝና "ጨጓራ ነው" አለ። ግርማ የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ሰው ሲታመም ግን ሐኪም የማይሆን የለም። አንዷ ጎረቤቴ ምች ነው ብላ ፌጦ በጠበጠችልኝ። ሌላዋ ደግሞ ሁሉን ያጥባል ብላ ከጎዶማ የመጣ የግመል ወተት ላከችልኝ። የተላከውን ሁሉ ጠጣሁ። ሕመሙ ግን ከቅቤ ጋር ብቻ ነበር ጉዳዩ፤ በፍስክ ቀን ይነሳል፣ በዓለ ኀምሳው አልፎ ጾም ሲመጣ ደግሞ ይተኛል። አማኝ በሽታ ነው ብለን ተሳሳቅን።

በመጨረሻ አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ወጣቱ ሐኪም ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። እኔ ያየሁት ጭጋግ ነው፤ እሱ ያየው ጠጠር።

"ማማ፣ የሐሞት ከረጢትሽ በጠጠር ሞልቷል። ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል" አለኝ። "እስከዚያው ቅቤ የለም፣ ጮማ የለም።"

"የኔ ልጅ፣ ሆቴሉን ዝጊ በለኝና ይለቅልን" አልኩት።

አልተዘጋም። ባሌ እህቱን ሙሉን ጠራት። ሙሉ ከበሩ ወዲያ ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው የምትኖረው። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል፤ አማቴን፣ ማለትም የእሷንና የግርማን እናት፣ እስከ መጨረሻዋ ያስታመመችውም እሷ ናት። አንድ ፌስታል ልብስ አንጠልጥላ መጣች፣ "እትዬ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ" አለችኝና በቀጥታ ወደ ኩሽናው ገባች። ደስ አለኝ። ዝምተኛ ሴት አታሰጋም ብዬ።

ሆስፒታሉ ወደ ደቡብ በአስፋልቱ ሲነዳ ተውሎ የሚደረስበት ነው። ይሄን ቀዶ ጥገና በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራ መሣሪያ አለ ይላሉ፤ እኔ የሄድኩበት ቦታ ስላልነበረ በወጉ ተሰንጥቄ በወጉ ተሰፋሁ። በማግስቱ ነርሷ መጣችና "ሲማማ፣ ማማ!"፣ ማለትም ቁሚ፣ ብላ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። ስስል ትራስ ሆዴ ላይ እንዳቅፍ አስተማረችኝ። ከዚያ ደግሞ የምትጠብቀው ነገር ነበር፤ አንጀቴ መሥራት መጀመሩ የሚታወቀው አየር ሲወጣኝ ነው አለች። በአገራችን በሰው ፊት ቢያመልጥ መንደር የሚያስለቅቅ ነገር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ እልል ይባልለታል። ከጎኔ የተኛችው ሴትዮ ቀደመችኝ። ነርሷ አጨበጨበችላት። እመኑኝ፣ ቀናሁ።

ወደ ቤት ስመለስ አልጋዬ ከሆቴሉ ጀርባ ባለችው ክፍል ተነጠፈ። በእኔና በተመጋቢዎቹ መካከል ያለው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ማንኪያ ሲወድቅ የማን ማንኪያ እንደሆነ እለያለሁ። ሙሉ ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ትሠራለች። ሽንኩርቱን በውሃ ታበስለዋለች፣ ነጭ ሽንኩርቱን ታደቅበታለች፣ ዘይቱን ጠብ ታደርግና ቀዝቀዝ ባለ እሳት ላይ ትታገሠዋለች። የበሽተኛ ምግብ ነው፤ አፍንጫዬን ይዤ ልውጠው ተዘጋጅቼ ነበር። ጣፈጠኝ። እሷ ፊት ግን "ደህና ነው" ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን ጉዮ መጣ። ጉዮ የኦቦ አገር ልጅ ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ጨጓራውን እየተማጸነ ቅቤዬን ሲበላ የኖረ ታማኝ ደንበኛዬ። ድምፁን ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁት።

"ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?"

"የበሽተኛዋ ሽሮ ነው" አለች ሙሉ።

"እኔስ ምን ጤና አለኝ? ስጪኝ!"

ሰጠችው። በልቶ ሲጨርስ ደገመ። በማግስቱ ሁለት ሾፌሮች ይዞ መጣ። ሳይቆይ ስሙ በስዋሂሊም ወጣለትና፣ ገና ከበሩ "ሽሮ ያ ምጎንጅዋ!" እያሉ ያዝዙ ጀመር። የበሽተኛዋ ሽሮ ማለት ነው። በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ሽሮው የእኔ ነው። አልጋ ላይ የቀረሁትም እኔ ነኝ።

አስቡት እንግዲህ። "ፖሌ ማማ"፣ አይዞሽ፣ እያሉ ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሰዎች መምጫ ሰዓታቸው ወደ ምሳ ዞረ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ቁስሌ ይጠይቁኛል፤ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ ነው። ያቺ ዝምተኛ ሙሉም ከሾፌሮቹ ጋር መቀለድ ጀምራለች፤ ሳቃቸው ግድግዳውን ያነቃንቀዋል። ቀልዱ አንዳንዴ እኔንም ያስቀኛል፣ ስስቅ ስፌቴ ይወጋኛል፣ ሲወጋኝ ይበልጥ እናደዳለሁ። ከሁሉ የባሰው ግርማ ነው። አንድ ቀን ሳህኔን ሊያነሳ መጣና የተረፈውን ቆሞ ጠርጎ በላው።

"ይሄን ሽሮ መብላት ከጀመርኩ ሰውነቴ ቀለለኝ እኮ" አለኝ፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

ቀለለኝ! ይሄን ሁሉ ዓመት እኔ ቤት ከብዶት ኖሯል ማለት ነው!

በነጋታው ሙሉ ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። እኔም ተነሳሁ። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳላነሳ አስጠንቅቆኛል፤ እንደ እኔ የተቀደደ ሰው ሆዱ ጠበቅ እስኪል ሳምንታት መታገሥ አለበት ብሎኛል። እኔ ግን ያን ቀን የማስበው ስለ ሆዴ አልነበረም። ጥብሴን ልሠራ ነው፤ ሰው የጥንቱን የማማ ሄኖክን እጅ ያስታውስ። ቅቤውን አወጣሁ፣ ትልቁን ብረት ድስት ከታች ብድግ አደረግሁ፤ እስከ ጉልበቴም አላደረስኩት። ጎኔ እሳት ገባበት። ድስቱ ወደ ወለሉ፣ እኔም ወደ ወለሉ።

ሙሉ ስትመለስ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። ሽንኩርቱን ጣለችው፣ ቱክቱክ ጠራች፣ ትራሱን ሆዴ ላይ አሳቀፈችኝና ክሊኒክ ወሰደችኝ። የክሊኒኩ ሰው ስፌቱን እየነካካ አየው። አልተፈታም። "ግን ደግመሽ ብታደርጊው ይፈታል" አለና እስኪበቃው ተቆጣኝ። ከዚያ ትንሽ ዐረፍ እንድል ውጭ አግዳሚው ላይ አስቀመጡን።

"እትዬ፣ ቀንተሽብኝ ነው አይደል?" አለችኝ ሙሉ፣ ወደ መንገዱ እያየች።

"በምንሽ ልቀና?" አልኩ።

"እኔ ግን ቀንቼብሻለሁ።"

"በጠጠሬ?"

"በመተኛትሽ።"

ቀልድ መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋት። አልሳቀችም።

"ባሌ ሲሞት ሐዘን ላይ እንኳ በወጉ አልተቀመጥኩም፤ ለእማዬ መድኃኒቷን ስጪ ብለው አስነሡኝ" አለች። "እማዬም ስትሞት ለለቀስተኛው ወጥ ስሠራ ነው የዋልኩት። ሲያመኝ የሚሰማኝ ሰው ስለሌለ ወዲያው ይሻለኛል። አንቺ ግን ስታቃስቺ ቤቱ ሁሉ ይሮጣል። ግርማ ይሮጣል፣ ጎረቤቱ ይሮጣል፣ እኔም እሮጣለሁ። ያንን ሽሮ ሳማስል፣ ለእኔ ቢሆን ማን ይሠራልኝ ነበር እላለሁ።"

ሰው በዚህ ቁስሌ ይቀናል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ። አልጋዬን እስር ቤት አድርጌው ከርሜያለሁ፤ ለካ ከግድግዳው ወዲያ ሆና እንደ ዙፋን የምታየው ሴት ነበረች።

በማግስቱ ምክንያት ሳልሰጥ አልጋዬን ለቀቅሁና እሷን አስተኛኋት። እምቢ ብትልም ቱክቱክ ውስጥ ከከተተችኝ ባልተናነሰ ኃይል ከተትኳት። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላነሳ፣ ግርማን እያዘዝኩ የአትክልት ሾርባ ሠራሁላት። ስትጠጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ወደ በሩ አየሁ። ከዚያማ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ እንደ ዘብ ቀጥ ብላ ተኛች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግን ተነሥታ ኩሽና ገባች። "መተኛት ጀርባ ያማል እንዴ?" አለችኝ።

ወደ ማዶ አልተመለሰችም። ሆቴሉን አብረን ያዝነው። እኔም ቀስ በቀስ ዳንኩ። መጀመሪያ ሰሞን ቅቤ በቀመስኩ ቁጥር ሆዴ እግሬ አውጪኝ ይል ነበር፣ እኔም አብሬው ወደ መጸዳጃ ቤት፤ አሁን ግን ጥቂት ጥቂት ይፈቅድልኛል። ሁለት ድስት ሽሮ ጎን ለጎን ይጣዳል፤ አንዱ በቅቤ፣ የእኔ፤ አንዱ ያለ ቅቤ፣ የሙሉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ አላይም። እሺ፣ አያለሁ።

ሙሉ ባለፈው ለዘመድ ለቅሶ ወደ ማዶ ተሻገረች። የበሽተኛዋን ሽሮ እኔው ሠራሁት፤ ሽንኩርቱን በውሃ፣ ዘይቱን ጠብ፣ እሳቱን ቀዝቀዝ። ጉዮ መጣና ገና ሳይቀመጥ ጠየቀኝ።

"ዛሬ ማን ነው የሠራው?"

አፌ ከእኔ ሳይማከር "ሙሉ ናት፤ ሠርታው ነው የሄደችው" አለ።

ጉዮ በላ። ዓይኑን ጨፈነ። ሳህኑን በእንጀራ ወለወለው።

"ማማ ሄኖክ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለኝ። "የሙሉ እጅ ሌላ ነው። ሺህ ሽሮ መሐል ብታስቀምጪው እለየዋለሁ።"

ልንገረው? ልተወው? የተመሰገነው የእኔ እጅ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደችው ሌላ ሴት ናት፤ የሰጠኋት ደግሞ እኔው ነኝ። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ማን ይፈታዋል? "ልጨምርልህ?" አልኩት። ጨመርኩለት።

ማምሻውን ሙሉ ተመለሰች። የሆነውን ሁሉ፣ የጉዮን ዓይን መጨፈን ሳይቀር፣ እየሳቅሁ ነገርኳት። አብራኝ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ኩሽና ገባች፣ ድስቱ ጥግ ላይ የቀረችውን ሽሮ በጣቷ ጠርጋ ቀመሰች፣ አሰበች፣ ደግማ ቀመሰች።

"ጨው በዝቶበታል" አለችኝ።

ጨው አልበዛበትም።